ከሰዓት በኋላ የሚጮኸው ሞኒተር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሚዛን አስተካክላለሁ፣ የናሙና ማድረቂያ እጠግናለሁ፣ የሞተ ማቀዝቀዣ አስነሣለሁ። ከዚህ ሁሉ ግን ለዘመድ ለማስረዳት የሚቸግረኝ አንድ ሥራ አለኝ፤ ንፋስ እለካለሁ።

ደብረ ኤልያስ ያለው አጎቴ ይህን ከሰማ ወዲህ ዕረፍት የለውም። ለበዓል በሄድኩ ቁጥር ሰው እስኪሰበሰብ ይጠብቅና ይጀምረኛል።

«እስቲ ንገራቸው፣ ምንድን ነው ሥራህ?»

«መሣሪያ እጠግናለሁ።»

«እሱን አይደለም፣ ሌላውን።»

«ንፋስ እለካለሁ።»

«በምን? በቁና?»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። አጎቴ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ጉም መዝገን ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ንፋስ መስፈር ግን ከዘራችን አንተ የመጀመሪያው ነህ» ይላል።

ስለዚህ አንባቢም እንደ አጎቴ ሳይስቅብኝ ነገሩን ላስረዳ። ላቦራቶሪያችን ውስጥ ሁድ የምንለው ቁም ሣጥን የሚያህል ዕቃ አለ። ፊቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት መስታወት አለው። ኬሚስቱ መስታወቱን በመጠኑ ከፍ አድርጎ እጁን ብቻ ያስገባና አፈሩን ከአሲድ ጋር እዚያ ውስጥ ያፈላል። ከላይ ያለው ፋን የክፍሉን አየር በመስታወቱ ሥር ስቦ፣ ጭሱን ጠራርጎ፣ በቱቦ ከጣሪያ በላይ ይሰደዋል። አየሩ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል እየተራመደ ወደ ውስጥ ከገባ ኬሚስቱ ሰላም ነው። በጣም ካነሰ ጭሱ ወደ ሰው ፊት ይመለሳል። ይህን የሚጠብቅ የእጅ መዳፍ የምታህል ሞኒተር ከሁዱ ጎን ተለጥፋለች። የአየሩን ፍጥነት በቁጥር ታሳያለች፤ ደኅና ሲሆን አረንጓዴ ታበራለች፤ ሲያንስም ሲበዛም ቀይ አብርታ ትጮኻለች።

የእኛዋ ግን ለረጅም ጊዜ ጮኻ አታውቅም። ምክንያቱን ያወቅሁት ከጥምቀት በኋላ በአንድ ሰኞ ጠዋት ነው።

በዚያ ሰሞን ገምጋሚዎች እንደሚመጡ የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶን ነበር። እያንዳንዱ መሣሪያ ካሊብሬት መደረግ አለበት ይላል፤ መሣሪያው የሚናገረው ቁጥር ከእውነተኛው ልክ ጋር ተመሳክሮ መስተካከል አለበት ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስጄ፣ የንፋስ መለኪያ በጥቁር ሣጥን ተሸክሜ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። የሦስት ቀን ሥልጠና አደገኛ ነገር ነው። አንድ ቀን ቢሆን አላውቅም ትላለህ፤ አንድ ወር ቢሆን እውነትም ታውቃለህ። በሦስት ቀን የሚገኘው ድፍረት ብቻ ነው።

ሁዱ ያለበት ክፍል የዋናዋ ኬሚስት ነው። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ረጅም፣ ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ገብቼ ሞኒተሯን ሳያት የድምፅ ማውጫዋ ቀዳዳ በጥጥ ተወትፎ፣ በላዩ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል።

«እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ጥጥ።»

«ለምን ተደረገ?»

«ስለምትጮኽ።»

ቀዩ መብራትስ አልኳቸው። መብራቱን የናሙና መዝገብ አቁመው ከልለውታል። ያን ጊዜ ያሳቀኝ ነገር ኋላ እንደማያስቀኝ አላወቅሁም። ጥጡን በወረንጦ ጎትቼ አወጣሁ፤ ጆሮ እንደሚያጥብ ሐኪም እየተጠበብኩ።

ከዚያ ሥልጠናዬን ዘረጋሁት። መስታወቱን በምልክቱ ልክ አቆምኩ። ክፍቱን ቦታ በጥቁር ክር ዘጠኝ እኩል ሳጥን አድርጌ ከፈልኩት። የመለኪያውን ቀጭን ዘንግ በእያንዳንዱ ሳጥን መካከል እየያዝኩ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ እየጠበቅሁ፣ ዘጠኙንም ጻፍኩ። አማካዩ ግማሽ ሜትር ሆነ፤ ለደስታዬ ልክ አልነበረውም። የሞኒተሯን ቁልፍ ተጭኜ «አሁን ያለው ፍጥነት ይህ ነው» ብዬ አስተማርኳት። አረንጓዴዋ በራች። ቀኑንና ፊርማዬን የያዘች ወረቀት ለጠፍኩባትና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ እንደ ሠዓሊ አየኋት።

«ጨረስክ?» አሉ እትዬ።

«ጨረስኩ። ከእንግዲህ እውነቱን ትነግርዎታለች።»

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ቢሮዬ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጠራ። እትዬ ሰላምታ እንኳን አልሰጡኝም፤ ስልኩን ወደ ሞኒተሯ አስጠግተው ጩኸቷን አሰሙኝ። ቀጥለው፣ «እውነቱን እየነገረችኝ ነው፤ መጥተህ ስማት» ብለው ዘጉት።

ደረጃውን ሮጬ ወረድኩ። ሞኒተሯ ቀይ አብርታ ሰማይ ምድሩን ትቀውጠዋለች። መለኪያዬን አውጥቼ ሦስት ሳጥን ላይ አየሁ። ሦስቱም ቦታ ንፋሱ ከትናንቱ በእጅጉ አንሷል። እዚህ ላይ የሠራሁትን ሳልሸፋፍን መናገር አለብኝ። ንፋሱ በእርግጥ አነሰ ብዬ አላሰብኩም። መለኪያዬ ባትሪ ጨርሶ ይሆናል አልኩ። እጄ ተንቀጥቅጦ ይሆናል አልኩ። ፊርማዬ ተለጥፏል፤ ስለዚህ ፊርማዬ ትክክል መሆን አለበት አልኩ። እትዬ ወደ ጠረጴዛቸው ዞር ሲሉ ሳልለካ ቁልፉን ተጫንኩና ለሞኒተሯ «ይኸው ግማሽ ሜትር ነው» አልኳት። አመነችኝ። ዝም አለች።

«ምን ሆና ነው?» አሉ እትዬ።

«ትንሽ ተዛብታ ነበር። አስተካክያታለሁ።»

በነጋታው ጠዋት በሦስት ሰዓት ስልኩ እንደገና ጠራ። ስደርስ ሞኒተሯ እየጮኸች ነው፤ አሁን ግን ዜማዋ ሌላ ነው። ንፋሱ ከልክ በላይ በዛ ስትል የምታሰማው የተቆራረጠ ጩኸት ነው። እትዬ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል።

«ትናንት አነሰኝ ብላ ጮኸች። ዛሬ በዛብኝ ብላ ትጮኻለች። ይህች አማት ናት ወይስ መሣሪያ?»

ልስቅ አልኩና ፊታቸውን አይቼ ተውኩት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «ትናንት ከሰዓት ለካህ ወይስ ዝም ብለህ ነገርካት?»

መሬቱን አየሁ። የላቦራቶሪው ወለል ንጹሕ ነው፤ የሚታይ ነገር የለውም።

«ሦስት ቦታ ለካሁ። አንሶ አገኘሁት። አላመንኩትምና… ነገርኳት።»

እትዬ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ መነጽር ሦስተኛዬ ነው» አሉ። «ከሰዓት በኋላ አፈር ሳፈላ ራሴን ይፈልጠኛል፤ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ጠዋት ምንም አልሆንም። ዓይኔ ነው አሉኝ፣ መነጽር ቀየርኩ። አልተሻለኝም፣ ደግሜ ቀየርኩ። ጉሮሮዬን የአፈሩ ብናኝ ነው አልኩ። ይህች ደግሞ ዘወትር ከሰዓት ስትጮኽ ተበላሽታለች ብዬ ጥጥ ወተፍኩባት። እንግዲህ እኔ አፏን ዘጋሁ፤ አንተ ደግሞ ውሸት አስተማርካት።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከፍ አላለም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምለካው ንፋስ ነበር፤ ንፋሱ የሚያልፍበት ቦታ ላይ የሰው ፊት መኖሩን በውል አላሰብኩትም። ፊርማዬ ያለበትን ወረቀት ላጥኩና ኪሴ ከተትኩት።

«ከዛሬ ጀምሮ ከምሳ በኋላ አሲድ የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ አይፈላም» አልኩ።

«እሱን እኔም ወስኛለሁ» አሉ። «አንተ ንፋሱ ከሰዓት ወዴት እንደሚሄድ አግኝልኝ።»

ያን ቀን ያልጠረጠርኩት ነገር የለም። የፋኑን ቀበቶ አየሁ፤ ደኅና ነው። መብራት ከሰዓት እየደከመ ይሆናል ብዬ ለካሁ፤ ደኅና ነው። ቱቦው ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታ ይሆናል ብዬ በባትሪ አበራሁ። ጎጆ ቢሆን ደግሞ ጠዋትም በዘጋ ነበር፤ ወፍ የሥራ ሰዓት የላትም። ተስፋ ቆርጬ ወደ ግቢው በር ስወጣ ጥበቃችን በጥላው ሥር ተቀምጠዋል።

ጥበቃችን በወጣትነታቸው ከቅኔ ቤት ቅኔ ቤት ሲዞሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ማዕረጉን መምህራን ይስጧቸው እኛ እንስጣቸው አላውቅም፤ ብቻ መሪጌታ እንላቸዋለን። የቀድሞ ትምህርታቸው ከጥበቃው ሥራ ጋር ተደባልቆ፣ መታወቂያ ሲጠይቁ እንኳ ሰምና ወርቅ ያለው ይመስላል።

«ፊትህ ጠቁሯል» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጠዋት ደኅና፣ ከሰዓት ብልሹ የሚሆነውን ሁድ፣ የእትዬን ራስ ምታት፣ የራሴንም ጥፋት። እሳቸው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ጭሱ ሲመለስ አይተኸዋል?»

«ቁጥሩን ነው ያየሁት።»

«ቁጥር የሚያምነው የለካው ነው። ጭስ ግን ሁሉም ያየዋል» አሉና ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ግማሽ ድረስ የነደደ ጧፍ አወጡ። ለማለዳ ጸሎት የሚይዙት ነው። «አብርተህ ብታጠፋው ጥሩ ነጭ ጭስ አለው። ጭሱ ወደሚሄድበት ንፋሱም ይሄዳል።»

ሐሳቡ ሥልጠናው ላይ የነበረ ነው። እዚያ ያሳዩን ግን በውድ መሣሪያ የሚተፋ ጭስ ስለነበር እኛ ዘንድ እንደማይገኝ አድርጌ ረስቼዋለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት እትዬ ጧፉን ሲያዩ ቅንድባቸውን አነሡ። «እሳት ይዛችሁ ነው ላቦራቶሪዬ የምትገቡት?»

«ጭሱን ብቻ ነው፣ እመቤቴ» አሉ መሪጌታ ቆባቸውን አውልቀው።

እትዬ ትእዛዝ ሰጡ። ጠርሙስ በሙሉ ከሁዱም ከክፍሉም ይወጣል። ጧፉ በረንዳ ላይ ይለኮሳል፤ በረንዳ ላይ ይጠፋል፤ የሚገባው ጭሱ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ጠርሙስ ወደ መጋዘን ስናመላልስ ረፈደ። ከዚያ መሪጌታ በረንዳው ላይ ለኮሱና እፍ ብለው አጠፉ፤ እኔም የሚጨሰውን ጧፍ በመዳፌ ከልዬ፣ መስቀል እንደያዘ ዲያቆን በፍጥነትም በጥንቃቄም ገባሁ። በመስታወቱ ሥር ስይዘው ጭሱ አንዴ ወዝወዝ አለና ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ተሳበ። እንደ ክር ነው የገባው።

«ጠዋት ነዋ» አሉ እትዬ። «ምሳችሁን ብሉና ተመለሱ።»

በስምንት ሰዓት ተመለስን። ያንኑ አደረግን። ጭሱ ወደ ውስጥ ጀመረ፤ መሐል መንገድ ላይ እንደተጠራ ሰው ቆመ፤ ከዚያ ዞሮ በመስታወቱ ሥር ወጣና ቀስ ብሎ እትዬ ዘወትር በሚቆሙበት ቁመት ልክ ተንሳፈፈ። ሦስታችንም አየነው። እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ጭሱን ነኩት፤ ከዚያ ግንባራቸውን።

«ይኸው ነው» አሉ። «ስንት ጊዜ ዓይኔን ሲመረምሩኝ፣ እዚህ ነበር።»

መሪጌታ ግን ጭሱን ትተው በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነው። ከግቢው ጀርባ ያሉት ባሕር ዛፎች አናታቸው ተደፍቷል።

«በበጋ ከምሳ በኋላ ንፋሱ ከምሥራቅ ነው የሚነሣው» አሉ። «እኔ ወንበሬን ወደ ግንቡ ምዕራብ የማዞረው በዚያ ሰዓት ነው። የናንተ ጭስ ማውጫ ፊቱ ወዴት ነው?»

«ጭስ ማውጫ ፊት የለውም» አልኩ። ወዲያው ግን ተጠራጠርኩ። ነገሩን ማየት ይሻላል ብዬ መሰላል አመጣሁ።

መሪጌታ መሰላሉን ያዙልኝ፤ እኔ ወጣሁ። ቆርቆሮው በፀሐዩ ግሏል፤ ንፋሱ ሸሚዜን ይነፋዋል። ቱቦው ጫፍ ላይ ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራ ክዳን አለ። እንደ ክርን ታጥፏል፤ አፉን ወደ ምሥራቅ ከፍቷል፤ የከሰዓቱን ንፋስ እየጎረሰ ወደ ታች ይልካል። ታች ያለው ፋን ጭሱን ወደ ላይ ይገፋል፤ ይህ ደግሞ ከላይ ይመልሰዋል። ክዳኑ በሽቦ ታስሯል። ሽቦው ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተቆልምሟል።

ያንን ቁልምም አውቀዋለሁ። ሽቦ እንደዚያ የምቋጥረው እኔ ነኝ።

ከሁለት ክረምት በፊት ዝናብ በቱቦው እየገባ ሁዱ ውስጥ ይንጠባጠብ ነበር። ዝናቡ ከምዕራብ ስለሚመጣ፣ ጀርባውን ለምዕራብ ፊቱን ለምሥራቅ ያደረገ ክዳን በግማሽ ቀን ቀጥቅጬ ሰቀልኩ። ጠብታው ቆመ። እትዬ በዚያን ጊዜ በሰው ፊት አመስግነውኝ ነበር፤ እኔም ምስጋናውን ለወራት አጣጥሜዋለሁ።

«ምን አገኘህ?» አሉ መሪጌታ ከታች።

«ክዳን አለ። ንፋሱን የሚመልሰው እሱ ነው።»

«ማን ሰቀለው?»

እውነቱን ለመናገር አፍታ ያህል አሰብኩ። ጣሪያው ላይ ያለሁት ብቻዬን ነኝ፤ ሽቦውን በጥሼ ብወረውረው የሚያውቅ የለም። ነገር ግን በአንድ ሳምንት ሁለት ውሸት ለእኔም በዛ።

«እኔ ነኝ፣ መሪጌታ።»

መሰላሉን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ከዚያ፣ «ጥሩ ነው» አሉ። «አንተም ጭስ ማውጫውም መተንፈስ አቅቷችሁ ነበር። አሁን ሁለታችሁም ተነፈሳችሁ።»

መሰላሉ እስኪነቃነቅ ሳቁ፤ እኔም ከላይ ሆኜ ሳቅሁ፣ ቆርቆሮውን ሙጭጭ ብዬ ይዤ።

ለእትዬ የነገርኳቸው ግን እኔው ነኝ። ክዳኑን ፈትቼ ይዤ ገባሁና ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። አገላብጠው አዩት።

«አመስግኜህ ነበር አይደል?»

«አመስግነውኝ ነበር።»

«እንግዲህ ግማሹን መልስልኝ» አሉ። «ዝናቡንስ አስቁመሃል።»

በማግሥቱ ገበያው አጠገብ ወደሚገኝ ላሜራ ሠራተኛ ሄድኩ። ከጣሪያው አናት በላይ የሚደርስ ቀጥ ያለ ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ሰፋ ያለ ሌላ ቱቦ የለበሰ፣ ክዳን የሌለው ሥራልኝ አልኩት።

«ክዳን የሌለው? ዝናብ ይገባበታል።»

«ጎን ጎኑን ነው የሚወርደው፤ በሁለቱ ቱቦ መካከል ወደ ውጭ ይፈስሳል።»

«እኔ ብሆን አንድ ክዳን ጣል አደርግበት ነበር።»

«እኔም እንዲያ ብዬ ነበር» አልኩት። ሠራተኛው ስዕሌን ደጋግሞ አየና ላሜራውን መቁረጥ ጀመረ።

አዲሱን ቱቦ ከሰቀልን በኋላ ካሊብሬሽኑን እንደገና አደረግሁት፤ አሁን ግን በእትዬ ሕግ። «አንተ ለካ፣ እኔ እጽፋለሁ» አሉኝ፤ እርሳሱን ከእጄ ወስደው። ጠዋት ዘጠኙን ሳጥን ለካሁ። አምስተኛውን አላመኑትም፤ ደገምኩት። ፋኑን ዝቅ አድርገን ዝቅተኛውን ልክም ለሞኒተሯ አሳወቅናት። ከሰዓት ባሕር ዛፎቹ እስኪደፉ ጠበቅን፤ ዘጠኙንም እንደገና ለካሁ። መሪጌታ የክፍሉ በር እየተከፈተ ንፋሱን እንዳያዛባብን ደጃፉ ላይ ቆመው መንገደኛውን ሁሉ መለሱ፤ ኃላፊያችንን ጭምር። የጠዋቱና የከሰዓቱ ቁጥር በጣም ተቀራረበ። የመጨረሻው ጧፍ ጭስም ከጠዋቱ ሳይለይ ቀጥ ብሎ ገባ።

ወረቀቱን ለጠፍኩ። ከፊርማዬ ሥር እትዬ የራሳቸውን ፊርማ ጨመሩበት፤ ደንቡ ባይጠይቅም።

ገምጋሚዎቹ ሲመጡ ሁዱ ፊት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቆሙ። ወረቀቱን አነበቡ፤ ለምን ሁለት ፊርማ አለው ብለው ጠየቁ። እትዬ፣ «አንደኛው የለካው ነው፤ ሁለተኛዋ የተነፈሰችው ናት» አሏቸው። የገባቸው አልመሰለኝም፤ ግን ጻፉት።

በዚያው ወር ሮብ ገበያ ከሚባለው የገጠር ከተማ ብዙ የአፈር ናሙና መጣ። ገበሬው አፈራችን ኮምጥጧል፣ ኖራ ምን ያህል እንጨምር ብሎ የሚጠብቀው መልስ ስለሆነ ሥራው አይቆይም። እትዬ አራት ቀን ሙሉ ከምሳ በኋላ አፈር ሲያፈሉ ዋሉ። እኔ በየሰዓቱ ምክንያት እየፈለግሁ ገባሁ፤ አንዴ ሶኬት ላይ፣ አንዴ ሚዛን ላይ። በመጨረሻ ቀና ሳይሉ፣ «ራሴን አላመመኝም፤ አሁን ሂድና ሥራህን ሥራ» አሉኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ገበያ ውስጥ አየኋቸው። ድንች ነጋዴዋ ፊት ቆመው አንድ በአንድ እያገላበጡ ይመርጣሉ። የምሥራቁ ንፋስ ነጠላቸውን ያንሣፍፈዋል፤ በአንድ እጃቸው ይዘውታል፣ በሌላው ድንቹን ይመልሳሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለውታል። ነጋዴዋ፣ «እትዬ፣ ሁሉም አንድ ነው እኮ» ስትላቸው ሰማሁ።

«አይደለም» አሉ። «ይቺ ጥሩ ናት፣ ይቺ አይደለችም» ብለው መምረጣቸውን ቀጠሉ።